ያማራት አሽታች

ወረቀቱ የመጣው ዓርብ ነው። የልጆች የክብደት ውጤት ሁልጊዜ ዓርብ ይመጣል፤ ወላጆች ቅዳሜንና እሁድን እንዲያስቡበት ነው ይባላል። ዓይናለም በበሩ ሥር የገባውን ወረቀት መጀመሪያ ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ተቀምጣ ደገመችው።

«ኤልዳና ደምሰው። ዕድሜ ዘጠኝ። ሃያ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ከመስመሩ በታች፣ የመጀመሪያ ጊዜ። ቀጣዩ ሚዛን የዛሬ አሥራ አምስት ቀን።»

መስመሩ ሃያ ሁለት ኪሎ ነው። ሁለት ጊዜ ከመስመሩ በታች የተገኘ ልጅ ማገገሚያ ይገባል። ማገገሚያው ስድስት ወር ነው፤ ጥየቃ የለም። ዓይናለም ከስምንተኛ ፎቅ አንድ ልጅ ገብቶ ሲወጣ አይታለች። ወፍሮ ነው የመጣው። የቀረበለትን ሁሉ ይበላል። ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ ይበላና ሳህኑ ባዶ ሲሆን እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ቀጣዩን ይጠብቃል። እናቱ «ተመስገን፣ አሁን ይበላል» ትላለች። ይህን ስትል ግን ወደ ልጁ አታይም።

ኤልዳና አልታመመችም። ምግብ አይጥማትም፤ ሌላ ነገር የለባትም።

«እማ፣ አራት ቁጥር ተቀይሯል።»

«አልተቀየረም። ያው ነው።»

«ተቀይሯል። ላስቲክ ላስቲክ ይላል።»

ተቀይሯል። በየወሩ መጀመሪያ ቀን የማጣፈጫ ኩባንያው ሰው መጥቶ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰኩትን ብልቃጦች ነቅሎ አዲስ ይሰካል። «ተሻሽሏል» የሚል ይለጠፍባቸዋል። አራት ቁጥር የሽሮ ነው፣ ሰባት የቅቤ፣ አሥራ አንድ የዶሮ። ከብልቃጡ ጀርባ በደቃቅ ፊደል «ኮረሪማ መሰል፣ በሶብላ መሰል፣ ጥቁር አዝሙድ መሰል» ተብሎ ተጽፏል። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ተገኝቶ ብዙ ሰው ካለቀበት ዓመት ወዲህ ከመሬት የተቀጠፈ ነገር ድስት ውስጥ አይገባም። ምድጃውም ብልቃጥ ሳያነብ አይበራም። ያልተመዘገበ ቅጠል የተገኘበት ቤት ምድጃው ይነቀላል፤ ልጅ ካለ ደግሞ ሚዛን አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ይወሰዳል።

ዓይናለም ይህን ሁሉ ታውቃለች። ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ሰው የማያነበውን ማስታወቂያ ሁሉ ቆማ የምታነብ ሴት ናት። ባሏ ሠመራ ነው የሚሠራው፣ በሦስት ወር አንዴ ይመጣል። ስለ ወረቀቱ በስልክ ስትነግረው «ውኃ አጠጫት፣ ሚዛን ላይ ስትወጣ» አላት።

«ውኃውን ቀንሰው ነው የሚመዝኑት።»

«እንዴት አድርገው?»

«እኔ ምን አውቄ! ይቀንሳሉ!»

ሥራዋ ጣሪያ ላይ ነው። የሃያ ሁለት ፎቁን ሕንፃ የአየር ማጣሪያዎች ታጥባለች። ደብረ ብርሃን አሁን እስከ ጣርማ በር ገደል አፋፍ ድረስ ሕንፃ ብቻ ናት፤ ከገደሉ ወዲያ ያለው ተራራ ግን ታጥሯል። እዚያ የሚበቅለውን ሁሉ ኩባንያው በስሙ አስመዝግቧል። ንፋስ ግን አጥር አያውቅም። አቧራ፣ የወፍ ላባና ዘር ይዞ ይመጣና ማጣሪያው ላይ ይደፋዋል። ደንቡ እንደሚለው ዘሩ ተለቅሞ ይቃጠላል።

በማግስቱ ቅዳሜ በስተሰሜን በኩል ያለውን አሸንዳ ስትጠርግ፣ አሸንዳው ውስጥ በተጠራቀመው ደለል ላይ ዝቅ ብሎ የተነጠፈ፣ ደቃቅ ቅጠል ያለው ነገር አገኘች። አረም መስሏት አንድ ጭብጥ ነቅላ የሚቃጠለው ከረጢት ውስጥ ጣለችው። ከሰዓት በኋላ አፍንጫዋን ልታክ እጇን ስታነሳ ክንዷ አየር ላይ ቀረ።

ጦስኝ ነው። ቃሉን ከጠራችው ሃያ ዓመት አልፏታል። ጣቶቿን ደጋግማ አሸተተች፤ አፏ ውስጥ ምራቅ ሞላ፤ ወዲያው ደግሞ እጇን ልብሷ ላይ ጠረገችው።

አብሯት የሚሠራው ጋሽ ወንዳፍራሽ ባልዲ ተሸክሞ ሲያልፍ ቆመ። ጡረታው አንድ ዓመት የቀረው፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«ምንድን ነው የሸተተኝ?»

«ሳሙና ነው።»

«ሳሙና ከሆነ ደህና ሳሙና ነው» አለ። «ለሌላ ሰው ግን አታሳዪው። ለእኔም አታሳዪኝ።»

ከከረጢቱ መልሳ አወጣችው። ሥሩን ደለሉ ውስጥ መልሳ ቀበረች፤ ቅጠሉን ካልሲዋ ውስጥ ከታ አሥራ አራተኛ ፎቅ ቤቷ ድረስ በደረጃ ወረደች። በአሳንሰሩ ሰው ያገኛታል ብላ ነው።

በየማታው ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሕንፃው ኮርኒስ «የማለዳ አየር» የሚባለውን ሽታ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ይነፋል። የልብስ ማጠቢያና የሎሚ ልጣጭ ዓይነት ነው፤ ከእሱ ጋር ምንም ሌላ ሽታ አይለይም። ዓይናለም ሽሮውን በአራት ቁጥር አስጀመረች፣ ምድጃው አንብቦ በራ። አሥራ ሁለት ሲል ምድጃውን አጥፍታ፣ በጣቷ አፍተልትላ ያደቀቀችውን ጦስኝ ጣል አድርጋ ክዳኑን ጫን አለች። በበሩ ሥር ፎጣ ወሸቀች። በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ መብላት ነበረባቸው።

ኤልዳና አንድ ጎረሰች። ማኘኳን አቆመች።

«ይሄ ስንት ቁጥር ነው?»

«ቁጥር የለውም።»

«ቁጥር የሌለው ምግብ አለ እንዴ?»

«አለ። ብዪ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ለሚዛኗም?» ትምህርት ቤት የምትመዝናቸውን ሴትዮ ሚዛኗ ነው የሚሏት።

«ለሚዛኗማ ጨርሶ!»

ልጅቷ ሳህኑን በጣቷ ጠረገችው። ዓይናለም ደስ አላላትም። ደስታ ሲመጣ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው የምታስበው። ሳህኑን ሦስት ጊዜ አጠበች፣ የልጅቷን ጥርስ ሁለት ጊዜ አስፋቀች፣ ፎጣውን ቀቀለችው።

በየጠዋቱ ኤልዳናን መታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ ታቆማለች። ሃያ አንድ ተኩል። ሃያ አንድ ከስድስት መቶ። በሳምንቱ ዓርብ ሃያ አንድ ከስምንት መቶ ደረሰች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት መቶ ግራም ቀራት።

ቅዳሜ ዕለት ፊት ለፊታቸው ባለው ባዶ ቤት ሰው ገባ። ግራጫ ኮት የለበሰች ወጣት ሴት ናት፤ ኮቱ ሆዷ ላይ አልዘጋ ብሏል።

ዓይናለም በበሩ ዓይን አይታ ወደ ኋላ ሸሸች።

ግራጫ ኮት ያልተመዘገበ ቅጠል እያሸተቱ የሚያጋልጡት የአሽታቾች ነው። ኩባንያው መጀመሪያ ማሽን ሞክሮ ነበር፤ ማሽኑ የተልባ ሽታን ከቀለም ሽታ ጋር እያማታ ሰው ሲያስቀይም ኖረ። ከዚያ አንድ ሰው ነፍሰ ጡሮችን አሰበ። የነፍሰ ጡር አፍንጫ አራት በር ዘልቆ ቡን ያለውን ያውቃል። አሁን ኩባንያው የሚቀጥረው እነሱን ብቻ ነው፤ በየፎቁ ቤት ይሰጣቸዋል፤ ሲወልዱ ሥራው ያበቃል።

ደግሞ አፍንጫቸው ብቻ አይደለም። ነፍሰ ጡር «አማረኝ» ስትል በሩን የምትዘጋባት እናት የለችም። ይህን ዘዴ ያወጡትን ሰዎችም ያሳደጓቸው እናቶች ናቸው፤ ጠንቅቀው ያውቁታል።

«ይጎርሳሉ እንጂ አይውጡም» አላት ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ጣሪያው ላይ ስትነግረው። «ጉንጫቸው ሥር ይይዙትና ኮሪደር ሲወጡ ብልቃጥ ውስጥ እንትፍ ነው። የወንድሜ ሚስት ምድጃ እንዲህ ነው የተነቀለ። በእጇ አጉርሳ፣ በሰላም ተገላገዪ ብላ መርቃ፣ በሩን ዘጋች። ምርቃቷ ሳያልቅ መጡ።»

«ካልሰጠኋትስ?»

«ካልሰጠሻትማ ያው የሚባለውን ታውቂያለሽ። ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል። ከባሰም ያስወርዳታል። እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ጡረታ እንጂ ሌላ ነገር አምሮኝ የማያውቅ ሰው!»

ጦስኙን ዳግመኛ ድስት ውስጥ ላለመጣል ማለች። እሁድ ግን ኤልዳና ቁርስም ምሳም አልነካችም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዓይናለም ክዳኑን ከፈተች፣ ቅጠሉን ጣለች፣ ከደነች። ገና ሳህን ሳታነሳ በሩ ተንኳኳ።

በትንሹ ገርበብ አድርጋ በክፍተቱ ቆመች።

«እትዬ፣ ደህና አመሹ? ረድኤት እባላለሁ። ፊት ለፊት ነው የገባሁት።»

«እንኳን ደህና መጣሽ።»

ሴትየዋ ወደ ክፍተቱ ጠጋ አለች። አፍንጫዋ ጫፉ ቀልቷል። እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ... የሆነ ነገር ሸተተኝ። አማረኝ።»

ዓይናለም ክፍተቱን በትከሻዋ ሞላችው። «ሽሮ ነው» አለች። «አራት ቁጥር ነው። አንቺም ቤት አለ፣ ያው ነው።»

«አንድ ጉርሻ ብቻ።»

«ልጅቷ ጨርሳዋለች። ድስቱን ዘፍዝፌዋለሁ።»

ረድኤት በሩን አልገፋችም፤ አልተከራከረችም። «እሺ» አለች። «ደህና እደሩ።»

ያን ዕለት ዓይናለም ሽሮውን ሽንት ቤት ደፋችው። ኤልዳና ባዶ ሳህኗን ይዛ «ለምን?» ብትላት ድስቱን ማጠብ ጀመረች።

ሰኞ ሰው አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ይህ ለዓይናለም ከመምጣታቸው የባሰ ነበር። ይዘገያሉ ማለት በደንብ እየተዘጋጁ ነው ማለት ነው ብላ የኤልዳናን ልብስ በትንሽ ሻንጣ አዘጋጀች፤ ሲወስዷት ካልሲ እንዳይጎድላት። ሽሮው ሁለቱንም ቀን በአራት ቁጥር ብቻ ተሠራ። ልጅቷ አንድ ሁለቴ እየጎረሰች ገፋችው። ማክሰኞ ጠዋት ሚዛኑ ሃያ አንድ ከስድስት መቶ አለ።

ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ረድኤትን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ብረቱን ይዛለች፣ ከንፈሯ ነጥቷል።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ትንሽ ሆዴን ቆረጠኝ። ያልፋል።»

«መቼ ጀመረሽ?»

«ከእሁድ ጀምሮ» አለች ረድኤት፤ ቀና ብላም አላየቻት።

ዓይናለም ጎንበስ አለችላት። ደግፋ በሯ ድረስ አደረሰቻት። ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ቆመች። እስካሁን የምትፈራው ለአንድ ልጅ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆኑባት። አንደኛው ገና ስም እንኳ አልወጣለትም። ትወናም ሊሆን ይችላል፣ ስትል አሰበች። አሠልጥነዋት ይሆናል፤ ከንፈር ማንጣትም ይሠለጠን ይሆናል። ግን እውነት ቢሆንስ? ነገ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ደም ብታይስ? ከዚያ በኋላ ኤልዳና ሃያ ሁለት ኪሎ ብትሞላስ፣ የምን ሃያ ሁለት ኪሎ ነው?

ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የቀረውን ቅጠል ግማሹን ሽሮው ላይ ጣለችበት። በበሩ ሥር ፎጣ አላደረገችም። ሳህን ሞልታ ኮሪደሩን ተሻግራ አንኳኳች።

ረድኤት በነጠላ ጫማ መጣች፤ ግራጫው ኮት ትከሻዋ ላይ ጣል ተደርጓል። ሳህኑን አየች፣ ዓይናለምን አየች።

«አፍሽን ክፈቺ» አለች ዓይናለም።

አጎረሰቻትና ጉሮሮዋን አየች። እንዲህ አድርጋ የሰው ጉሮሮ አይታ አታውቅም። ረድኤት አላመጠች። ጉንጯ ተነፋ። ዓይኗን ጨፈነች። ማላመጧን አቆመች፤ አፏ ሞልቶ ዝም ብላ ቆመች። ዓይናለም የሻንጣውን ዚፕ አሰበች። የሠመራውን ስልክ አሰበች። ከስምንተኛ ፎቅ ያለውን ልጅ እጆች አሰበች።

የረድኤት ጉሮሮ ከፍ ብሎ ወረደ።

«ሌላ» አለች።

ዓይናለም ሳህኑን በሁለት እጇ ያዘችው። «ዋጥሽው?»

«ሌላ ጉርሻ፣ እትዬ።»

በዚህ መሃል ኤልዳና በባዶ እግሯ ኮሪደር ላይ ወጥታ ነበር። ሳህኑን አየች። ፊቷ ተቆጣ።

«የኔ ነው እኮ! ለሷ ሰጠሽብኝ?»

«ድምፅሽን!» አለች ዓይናለም።

«ነይ እንብላ» አለቻት ረድኤት። በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ ሳበቻቸው። ወንበር አልነበራትም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሳህኑን መሃል አደረጉ። ኤልዳና እጇን ቶሎ ቶሎ ሰደደች፤ ይህች ሴትዮ እንዳትጨርስባት። ረድኤትም አልተወቻትም። አንዷ ስትጎርስ ሌላዋ ትጠቀልላለች።

«አንቺ ሁለት ሰው ነሽ፣ እኔ አንድ ነኝ» አለች ኤልዳና። «ትበልጪኛለሽ።»

«እሱ ጥርስ የለውም። አይቆጠርም።»

ዓይናለም ቆማ የልጇን ጉርሻ ትቆጥር ነበር። አሥራ ሰባት ላይ ጠፋባት።

ሲጨርሱ ረድኤት ጣቷን አሸተተች። «ዓርብ ዓርብ ትንፋሻችንን ይለኩናል» አለች፣ እንደ ተራ ወሬ። «የዋጠች ትታወቃለች። ጦስኝ ሦስት ቀን ትንፋሽ ላይ ይቆያል ብለውናል።»

«እያወቅሽ ታዲያ ለምን ዋጥሽ?»

ረድኤት ግራ የገባት መሰለች።

«አማረኝ አልኩዎት እኮ።»

ሐሙስ ዕለት ማንም ሳያንኳኳባት ራሷ መጣች፤ ሆዷን መቁረጡ ትቷታል። የቀረውን ቅጠል ጨረሱት። ዓይናለም ስንት ወሯ እንደሆነ ጠየቀቻት፣ ሰባት አለች። አባቱን አልጠየቀቻትም። በስንት ቤት «አማረኝ» እንዳለችም ልትጠይቃት ፈልጋ ተወችው፤ የምትሰማውን ፈራች። ረድኤት ግን ያልተጠየቀችውን መለሰች፦

«ሌሎቹ ቤቶች ያው የተለመደው ነበር፤ ትንሽ አብሽ፣ ትንሽ ድንብላል ነገር። እይዘዋለሁ እተፋዋለሁ፤ ልቤም አይፈልገውም ነበር። እሁድ ዕለት ግን ልጁ ዞረ። ሽታው ሲመጣ ዞረ። እጄ ሥር ነው የዞረው።»

ዓርብ ጠዋት ኤልዳና ትምህርት ቤቱ ሚዛን ላይ ወጣች። ዓይናለም ወላጅ ከማያልፈው ቢጫ መስመር ወዲህ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

«ሃያ ሁለት ከሰማንያ» አለች ሚዛኗ። «ጥሩ ነው። ምን በላሽ፣ የኔ ቆንጆ?»

አራት ቁጥር በዪ፣ አለች ዓይናለም በልቧ። አራት ቁጥር፣ ሰባት ቁጥር።

«ከረድኤት ጋር በላሁ» አለች ኤልዳና።

«ረድኤት ማናት?»

«ፊት ለፊታችን ያለችው። ሆዷ ትልቅ የሆነችው።»

ሚዛኗ መዝገቡ ላይ አድራሻውን አየች፣ የፎቁን ነዋሪ አየች፤ ፊቷ ፈካ አለ። «አሽታች ናት? ከአሽታች ጋር መብላት ጥሩ ነው» ብላ መዘገበችው።

ዓይናለም ወደ ቤት ስትመለስ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ልጅቷ እጇን ይዛ እየዘለለች ትሄዳለች። እሷ ግን የምታስበው ሁለት ወረቀት ነው። ከከተማው በአንደኛው ጫፍ ኤልዳና ከረድኤት ጋር በላች የሚል ወረቀት አለ። በሌላኛው ጫፍ የረድኤት ትንፋሽ ምን ምን እንዳለ የሚል ወረቀት ዛሬ ይጻፋል። አንድ ቀን አንድ ሥራ የፈታ ሰው ሁለቱን አንስቶ አንዱን በሌላው ላይ ያስቀምጣል። እንደዚያ ያለ ሰው በየቢሮው አለ።

ረድኤት የመጣችው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዓይናለም በበሩ ዓይን ስትጠብቅ ነበርና ገና ሳታንኳኳ ከፈተችላት። ግራጫው ኮት የለም። ቀሚሷ ስስ ነው፣ በርዷታል።

«ምን አሉሽ?»

«ምንም። ነፋሁ፣ ቀይ በራ። ሴትየዋ ኮቱን አውልቂ አለችኝ፣ አወለቅኩ። ቤቱን እስከ እሁድ ልቀቂ አለችኝ።»

«ከየት አገኘሽው አላለችሽም?»

«አላለችኝም።»

«እውነቴን ነው የምጠይቅሽ፣ ረድኤት። ስም አልጠየቁሽም?»

«እትዬ፣ ለምን ይጠይቁኛል? የምኖርበትን ፎቅ ያውቁታል።»

ዓይናለም የበሩን እጀታ ያዘች።

«ሰኞ ሌላ ይልካሉ» አለች ረድኤት። «አይቻታለሁ፣ ሰልፉ ላይ ከኋላዬ ነበረች። አምስት ወሯ ነው። ልጅ እግር ናት፣ ፈገግ ትላለች።»

«ትውጣለች?»

«እንጃ። ፊቷን አየሁት፤ ምንም አያስታውቅም።» ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፦ «ሰኞ መጥታ አማረኝ ስትልዎት፣ ምን ያደርጋሉ?»

ዓይናለም ሰኞን እየቆጠረች ነበር፤ ከሰኞ በኋላ የሚቀጥለውን ሚዛን፣ አሥራ አምስት ቀን፤ ከዚያ የሚቀጥለውን። በየመሃሉ በሩ ላይ የምትቆም፣ እጇን ሆዷ ላይ ያሳረፈች አንዲት ሴት ታያታለች። ፊቷ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ጉሮሮዋ ግን አይታይም።

ያኔ ከውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ፣ የኤልዳና ድምፅ መጣ። በዘጠኝ ዓመቷ ይህን ቃል እናቷ ከአፏ ሰምታው አታውቅም።

«እማ! ራበኝ! እራት አይደርስም እንዴ? ራበኝ እኮ!»

ድምፁ ኮሪደሩን ይዞ እስከ ደረጃው ድረስ ሄደ። በአራት ቁጥር ያልራባት ልጅ በምን ራባት የሚል ሰሚ ይኖር እንደሆነ ዓይናለም ግራ ቀኙን አየች። ረድኤትን በክንዷ ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተቻትና በሩን ዘጋች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ የልጇን አፍ በእጇ ሸፈነች።